ከጎንደር ጎርጎራ በሳይክል፦ ከመመለሻው የሚጀምር ዝግጅት

ከጎንደር እስከ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ያወቀ ሰው የጉዞውን ግማሽ አወቀ። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት። በትኩስ ጉልበት እየተንደረደሩ ይወርዳሉ፣ በደከመ እግር ይወጣሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ በአንድ ቀን ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ጎርጎራ ደርሼ ሐይቁን በቅጡ ሳላየው ፊቴን አዞርኩ። ከጎንደር ዳገት ግርጌ ያለችው አዘዞ ስደርስ መሽቷል፣ ውኃዬ አልቋል፣ እግሬም አልታዘዝ ብሏል። የመጨረሻውን ዳገት ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለዚህ መንገድ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ስለመመለሻው ነው። ሦስት ቀን ያዙ። አንዱ ቀን መውረጃ፣ አንዱ ለሐይቁና ለደኑ፣ አንዱ መመለሻ።

ወሩን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አይሞከርም። ዝናቡን እንኳ ይችሉታል። የማይቻለው አፈሩ ነው። ከአዘዞ በታች የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጎማው አይዞርም። ከዋናው መንገድ ሃያ ሜትር ወጣ ማለት ይበቃል፤ ሳይክሉን ተሸክሞ መመለስ ነው።

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በጥቅምት ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ጤፉ ወደ ቢጫ መሄድ ይጀምራል። ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ደግሞ ሽምብራው እሸት ይሆናል። ልጆች ከነሥሩ እየነቀሉ፣ በእቅፍ በእቅፍ እያሰሩ መንገድ ዳር ይሸጡታል። ከሳይክል ወርዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እሸት መፈልፈል ትልቅ ደስታ ነው። ከቅርፊቱ ላይ ኮምጠጥ የሚል ነገር ጣት ላይ ይቀራል። ላብ ላወጣ ሰው እሱን መላስ ራሱ ያነቃል። እኔ ለዚህ ስል ብቻ ታኅሣሥን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር አስቡበት። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። በትንንሾቹ ከተሞች ምግብ ቤቶች ሽሮ፣ ምስርና ጎመን እንጂ እንቁላልና ወተት አትጠብቁ። ሌላው ጥምቀት ነው። ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር ውስጥ መኝታ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ መንገዱም በሰው ይሞላል። በዓሉን ማየት የሚፈልግ ይየው፣ ሳይክሉን ግን ለጥር 15 ይተወው። ከየካቲት ወዲያ ያለው ጊዜ ሙቀትና አቧራ ነው።

ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው። የአካባቢው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ከመነሻችሁ በፊት ባለው ማታ፣ እንደገናም በዚያው ጠዋት፣ መስመሩን የሚሠሩ ሾፌሮችንና ረዳቶችን ጠይቁ። የእኔ ደንብ አጭር ነው፦ ሚኒባስ ባልወጣበት ቀን ሳይክል አይወጣም። መታወቂያ ያዙ። ኬላ ላይ ውረዱ፣ ሰላምታ ስጡ፣ የተጠየቃችሁትን መልሱ። ኬላም ሆነ የታጠቀ ሰው ፎቶ አታንሱ። የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ጎንደር ላይ ይኑር።

ሳይክሉን ማዘጋጀት

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። ሰፋ ያለ፣ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የሚይዝ ፍሬንና ዳገት የሚያወጣ ቀላል ማርሽ ያለው ማውንቴን ይበቃል። ጎማው ሲነፋ አውራ ጣት ስትጫኑት ጥቂት ብቻ ይግባ። ካቴናውን በጨርቅ ጠርጉት፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ የተረፈውን ጥረጉ። ዘይት የበዛበት ካቴና የደንቢያን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ አሸዋ ይሆናል።

ፍሬኑን እንዲህ ፈትኑት። የፊቱን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊት ግፉ፤ የኋላው ጎማ መነሳት አለበት። የኋላውን ጨብጣችሁ ግፉ፤ ጎማው ሳይዞር ይጎተት። እጀታው መሪውን እስኪነካ የሚገባ ከሆነ ሽቦው ይወጠር። ላስቲኩ ካለቀ ይቀየር። ከጎንደር እስከ አዘዞ ያለው ቁልቁለት ያለቀ ፍሬን አይምርም።

ከዚያ ሙሉ ጓዛችሁን ጭናችሁ ወደ ቁስቋም ውጡ። የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ያለበት ኮረብታ ነው፤ ጽዱና ወይራው ዙሪያውን ይዞታል። እግረ መንገዱንም ስለ ደን ዓይን ይከፍታል። ዳገቱን ከነጓዛችሁ በቀላሉ ማርሽ ሳትወርዱ ከወጣችሁ የአዘዞንም ትወጣላችሁ። ካልወጣችሁ ጓዝ ቀንሱ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ተለማመዱ። ልምምዱ ካማራችሁ በደባርቅ መንገድ እስከ ወለቃ ደርሳችሁ ተመለሱ።

ለመንገድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፦ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና መጣፊያ፣ የሳይክላችሁን ብሎን የሚፈቱ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ሽቦ። መንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች፣ አዘዞና ቆላ ድባ፣ ጎሚስታ አይጠፋም። እሾሁ ግን ጎሚስታው ደጅ አይጠብቃችሁም።

እሾህ ሲወጋ

ይወጋል። በተለይ ግራር ባለበት መንገድ ዳር። ስለዚህ ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ልመዱት።

ሳይክሉን ገልብጣችሁ በመቀመጫውና በመሪው አቁሙት። ጎማውን አውጡ። መፈልቀቂያ ከሌለ የሁለት ማንኪያ እጀታ ይሠራል። ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ንፉት፣ ከዚያ ከንፈራችሁ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጆሮ ያልሰማውን ትንፋሽ ከንፈር ይሰማዋል። ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ክበቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳውን ይጥፍና ጎማውን መልሶ ይገጥማል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይተነፍስበታል። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ላስቲኩ ውስጥ ይቀራላ! ከውጭ አይታይም። ካላማዳሪውን ከጎማው ጋር አስተያዩ፣ ቀዳዳው ያረፈበትን ቦታ በውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ጫር ሲያደርጋችሁ አገኛችሁት። በፒንሳ ሳቡት። አንድ ቀን ከቆላ ድባ አለፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ጥፌ ሦስተኛውን ስጀምር፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን ዳበሰና በጥፍሩ አወጣልኝ። የምላስ ጫፍ የማታህል ጥቁር ነገር ናት።

እሾሁ ከወጣ በኋላ የቀዳዳውን ዙሪያ ፈግፍጉ። ማስቲሽ ቀቡ፣ ግን ወዲያው አትለጥፉ። እስኪደርቅና ማብረቅረቁ እስኪጠፋ አምስት ደቂቃ ታገሱ። ከዚያ መጣፊያውን ለጥፋችሁ በድንጋይ እሹት። በጣም ሲሞቅ ማስቲሽ ስለሚላቀቅ የተጣፈ ጎማ ፀሐይ ላይ አታቁሙ።

ጓዙና ስንቁ

ጀርባ ላይ ቦርሳ አትሸከሙ። ወገብ ይገላል፣ ላብም ያበዛል። ሳይክሉ ላይ የኋላ መጫኛ አሠሩ፣ ጓዙን ግራና ቀኝ እኩል አካፍላችሁ በጎማ ገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ገመድ እንዳይኖር፤ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጥላል።

ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ለማታ የሚሞቅ ልብስ፣ አጎበር። አጎበሩን አደራ። ደንቢያና የጣና ዳርቻ ወባ አለባቸው፣ በተለይ ከክረምት ማግሥት። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ያዙ፤ ቀን ቀን አንገት ላይ ስትጠመጥሙት ፀሐይ ይከላከልላችኋል። ሴቶች ሱሪ ላይ የሚደርብ ረጅም ቀሚስ ቢይዙ ይሻላል።

ስንቅ ላይ አያቶቻችን ቀድመውናል። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም። በውኃ በጥብጡት፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሩ፣ ከነኮዳው እየነቀነቃችሁ ጠጡ። ለሁለት ሰዓት ይይዛል። ቆሎ በኪስ፣ ዳቦ ቆሎ በቦርሳ። ውኃ በነፍስ ወከፍ ከሦስት ሊትር አይነስ። ጠላ ሲጋበዙ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ብር በጥሬው ያዙ፣ ዝርዝር አድርጋችሁ። ለጀልባም፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያም፣ ለእሸትም።

የመጀመሪያው ቀን፦ መውረድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። የሚያስቸግረው ትራፊኩ ነው። ባጃጅ ሳያስብ ይታጠፋል፣ ሚኒባስ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፣ ሲኖትራክ ደግሞ ሲያልፍ ንፋሱ ይስባል። ቀኛችሁን ያዙ፣ ግን አስፋልቱ ጫፍ ላይ አትለጠፉ። ከጫፉ አንድ ሜትር ገባ በሉ። ፍሬን ስትይዙ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አድርጉ። አጥብቆ ይዞ መውረድ ላስቲኩን ያግለዋል። ጠጠር ያለበት ኩርባ ላይ የፊቱን ፍሬን በድንገት አትያዙ።

እየወረዳችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ፦ ዳገቱን አጥኑት። የት ጥላ አለ? የት ሱቅ አለ? የትኛው ኩርባ ይቆማል? ከሁለት ቀን በኋላ በዚሁ ነው የምትወጡት።

አዘዞ ላይ መንገዱ ይከፋፈላል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ፣ የእናንተው ወደ ቆላ ድባና ጎርጎራ። ጠይቁና እርግጠኛ ሁኑ። ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው። ሰማዩ ይሰፋል፣ መኪናው ይቀንሳል። ጠጠርና አቧራ ስለሚያጋጥም መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አይጥፋ። ሜዳ ነው ብላችሁ አትሩጡ። በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ጉልበታችሁ የመጨረሻው ቀን ይፈለጋል።

መንገዱ የከብትም ነው። በሬ ፊቱን ወዳዞረበት ይሄዳል፤ ከኋላው እለፉ። አህያ ከነጭነቷ ቦታ አትለቅም፤ እናንተ ልቀቁ። ደወል ከመደወል ይልቅ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ይሻላል። እርሻ ላይ ላሉት «እግዜር ያበርታችሁ» በሉ። ይህች አንዲት ቃል የምታመጣውን ፈገግታ በየትም መንገድ አላገኘሁም። ልጆች ይሮጣሉ፣ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ባዶውን ፕላስቲክ ነው የሚፈልጉት። አትወርውሩ፤ ቁሙና በእጃቸው ስጧቸው። ለወረወራችሁት ሲሻሙ ጎማ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። ውሻ ከመጣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በዝግታ ሂዱ። የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው።

ቆላ ድባ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት አካባቢ ድረሱ። ሻይ በዳቦ፣ ከቻላችሁ ሽሮ ብሉና ውኃችሁን ሙሉ። ከዚያ በጭዋሂት በኩል ወደ ጎርጎራ። ሐይቁ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ሰማይ ቁራጭ ሆኖ ነው፤ ከዛፎቹ በላይ ሳይሆን ከሥራቸው። እዚያ ጋ ሁሌም እቆማለሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ ሐይቁና ደኑ

ሳይክሉ ይረፍ። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፣ 37 ደሴቶች አሉት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዳርቻው ላይ ደንገል ይበቅላል። ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ካገኛችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። ደንገሉን አድርቀው በነዶ በነዶ ይጠቀልሉታል፣ በልጥ ያስሩታል፣ ጫፉን ቀና ያደርጉታል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ሁልጊዜ አዲስ መሥራት አለ።

ውኃው ቢያጓጓም አትዋኙ። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። የዓሣ ጥብስ ግን አይታለፍ፤ ቀረሶ ወይም አምባዛ፣ ያን ጠዋት የወጣ።

ደብረ ሲና ማርያም ጠዋት ሂዱ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተች ናት። ክብ ናት፣ ጣሪያዋ ሣር ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ደግሞ በሥዕል የተሞላ። ጫማ አውልቁ፣ አባን ሰላም በሉ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ወጥታችሁ ግቢው ውስጥ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከሜዳው የመጣችሁ ስለሆናችሁ ልዩነቱ ቆዳ ላይ ይሰማል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ወፍ ይበዛል።

ይህ ነው የእኛ ደን። በጎንደር ዙሪያ ቀና ብላችሁ ስታዩ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ካለ፣ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሌላው ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፣ የታቦቱ ዙሪያ ዛፍ በነውርና በፈሪሃ እግዚአብሔር ተጠብቆ ቀረ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወርካ። እነዚህን ደኖች ያጠኑት የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ሲሠራ ከብት እንደማይገባና ችግኝ እንደሚተርፍ ሲያስተምሩ ኖረዋል። መንገድ ላይ ደክሟችሁ እንደዚህ ያለ ጥላ ሥር ስትገቡ አስፈቅዱ። እሳት አታንድዱ፣ ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ ለሽንት ወደ ውጭ ውጡ።

ጊዜ ካለ ጀልባ ተከራዩና ወደ ማርያም ግምብ፣ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ሂዱ። ዋጋውን ደርሶ መልስ አድርጋችሁ፣ የመጠበቂያውንም ጨምራችሁ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። የደሴት ገዳማት ለመሳለም ካሰባችሁ ሴት የማይገባባቸው ስላሉ አስቀድሙና ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣል፤ ጉዞው የጠዋት ይሁን።

ማታ ካቴናውን ጥረጉ፣ ጎማ ንፉ፣ በጊዜ ተኙ።

ሦስተኛው ቀን፦ መመለስ

ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ከጎርጎራ ውጡ። ቆላ ድባ ሦስት ሰዓት፣ አዘዞ ስድስት ሰዓት አካባቢ። አዘዞ ስትደርሱ ጎንደር የደረሳችሁ ይመስላችኋል። አልደረሳችሁም። እዚያ ብሉ፣ ጠጡ፣ ጥላ ሥር እግራችሁን ዘርጉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትነሱ፤ የቀትሩ ፀሐይና ዳገቱ አንድ ላይ ሆነው ብዙ ሰው ጥለዋል።

ዳገቱን ገና ሳይከብዳችሁ በቀላል ማርሽ ጀምሩ። ማውራት እየቻላችሁ ውጡ። ትንፋሽ ቃል ሲቆርጥባችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ሲወርዱ ያጠናችኋቸው ጥላዎች አሁን ነው የሚያስፈልጉት፤ በየጥላው ሦስት ደቂቃ ቁሙ፣ ሁለት ጉንጭ በሶ ጠጡ። ጉልበታችሁ ካነሰ ወይም ቀኑ ከመሸ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ አስቁማችሁ ሳይክሉን አናቱ ላይ አስጭኑ። ዋጋውን ተነጋገሩ፣ ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አስደርጉ፣ ራሳችሁ ገመዱን ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩት። በጨለማ ያንን ዳገት ከመግፋት ይህ ይሻላል፤ እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ።

ቤት ስትገቡ ሳይክሉን ሳትጠርጉ አትተኙ። የደንቢያ አቧራ ሌሊቱን ካቴናው ላይ ካደረ ይነክሳል። ጎማዎቹንም ቀስ እያላችሁ አዙራችሁ እዩ። ያልበሳች፣ ግን ግማሽ መንገድ የገባች እሾህ አትጠፋም።